ስክሪኑ «ተመዝግቧል» ቢል መዝገቡ ሰምቷልን?

ባለፈው ክረምት አንድ ቀን ማለዳ፣ በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ በአየር ጤና ሠፈር ጎረቤታችን የሆኑትን አንዲት አሮጊት ይዘን ወደ አንድ ጽሕፈት ቤት ሄደን ነበር። የጽሕፈት ቤቱን ስምና ስፍራ መጥቀስ ለነገራችን አይጠቅምም። እማማ ለልጅ ልጃቸው የትምህርት ቤት መመዝገቢያ የሚሆን አንድ ማስረጃ ማውጣት ነበረባቸው። ወጣቱ ጸሐፊ ብድግ ብሎ በትሕትና አስቀመጣቸውና ስማቸውን፣ የአባታቸውንና የአያታቸውን ስም እየጠየቀ በኮምፒዩተሩ የተከፈተውን ቅጽ ሞላ። በመጨረሻም አንዱን ቁልፍ ሲጫን በስክሪኑ ላይ «ተመዝግቧል» የሚል ቃል በአረንጓዴ ቀለም ብቅ አለ። ጸሐፊውም ስክሪኑን ወደ እማማ አዙሮ፣ «ይኸው እማማ፣ ገብቷል፤ ከዐሥራ አምስት ቀን በኋላ መጥተው ይውሰዱ» አላቸው። እማማም «ተባረክ የኔ ልጅ» ብለው መርቀውት ወጡ።

በዐሥራ አምስተኛው ቀን ስንመለስ የእማማ ስም ከመዝገቡ ታጣ። ጸሐፊው ቢፈልግ የለም፤ ደግሞ ቢፈልግ የለም። «እማማ፣ ምናልባት ሌላ ቦታ ይሆናል የተመዘገቡት» ቢላቸው፣ ቀና ብለው አዩትና፣ «አንተው አይደለህም እንዴ ያሳየኸኝ? አረንጓዴውን በዓይኔ አይቻለሁ» አሉት። እሱም ነገሩ ትዝ አለውና አንገቱን ደፋ። እማማ አልዋሹም፤ ጸሐፊውም አልዋሸም። የዋሸው ስክሪኑ ነው። የትምህርት ቤቱ ምዝገባ ሊዘጋ ግን የቀረው ሦስት ቀን ብቻ ነበር።

ይህን የምናወሳው ማንንም ለመውቀስ አይደለም። ተማሪዎችና አዲስ ሥራ የያዛችሁ የመንግሥት ሠራተኞች አንባቢዎቻችን፣ ነገ ከእንዲህ ያለው ስክሪን ፊት መቀመጣችሁ፣ ከመካከላችሁም አንዳንዱ እንዲህ ያለውን ስክሪን ራሱ መሥራቱ የማይቀር ስለሆነ ነው። ስለዚህ አንድ ጥያቄ ይዘን እንነሣ። በስክሪን የምናየው ጽሑፍና ርቆ በሚገኘው መዝገብ የሰፈረው ጽሑፍ አንድ ሆነው የሚኖሩት በምን ዘዴ ነው? የሚለያዩትስ መቼ ነው?

ነገር በምሳሌ ጠጅ በብርሌ ይባላልና፣ ምሳሌያችንን ከዚያው ከሠፈራችን፣ ከኮልፌ አጣና ተራ እንውሰድ። አጣና ተራን ቤት የሠራ ሁሉ ያውቀዋል። እዚያ አንድ የአጣና ነጋዴ አለ ብለን እናስብ። ሱቁ ከመንገድ ዳር ነው፤ በበሩም ላይ የአጣናውን ዓይነት፣ ብዛትና ዋጋ የሚያሳይ ጥቁር ሰሌዳ ተሰቅሏል። ነጋዴው በእጁ አንዲት ትንሽ ደብተር ይይዛል። አጣናው የተከመረበት መጋዘን ግን ከጀርባ በጭቃማው መንገድ ርቆ ነው ያለው፤ በዚያም ትልቁን መዝገብ የሚጠብቅ መዝገብ ያዥ ተቀምጧል። በሱቁና በመጋዘኑ መካከል የሚመላለስ አንድ ተላላኪ ልጅ አለ።

እንግዲህ የዛሬው የድረ ገጽ ሥራ ሁሉ ከእነዚህ ከአራቱ አይወጣም። ፕሮግራመሮች ሰሌዳውን «ቪው»፣ ትንሿን ደብተር «ሞዴል»፣ መጋዘኑን ከነመዝገቡ «ሰርቨር» ይሏቸዋል። ተላላኪው የሚመላለስበት ጭቃማ መንገድ ደግሞ «ኔትወርክ» የምንለው ነው። በደብተሩ የተጻፈው ቁጥር በተለወጠ ጊዜ ሰሌዳው ወዲያው እንዲለወጥ፣ ሁለቱን በማይታይ ገመድ ማሠር «ባይንዲንግ» ይባላል።

ሰሌዳና ደብተር ለየብቻ መሆን አለባቸው የሚለው ሐሳብ የቆየ ነው። ትሪግቬ ሬንስካግ የተባለ የኖርዌይ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1978 እና በ1979 በካሊፎርንያ በሚገኘው የዜሮክስ ኩባንያ የምርምር ማዕከል ሲሠራ፣ ፕሮግራሙን ሞዴል፣ ቪውና ኮንትሮለር ብሎ በሦስት ከፈለው። ሞዴሉ እውነቱን ይይዛል፤ ቪው ያንኑ እውነት ለዓይን ያሳያል፤ ኮንትሮለር ደግሞ ሰው የሚያዘውን ይቀበላል። በዚህ አከፋፈል አንድን እውነት በብዙ መልክ ለማሳየት ይቻላል፤ ሰሌዳው ቢቀየር ደብተሩን መቅደድ አያስፈልግም።

ድረ ገጽ የተባለው ነገር ግን መጀመሪያ በዚህ መንገድ አልተሠራም። ቲም በርነርስ ሊ እ.ኤ.አ. በ1989 በስዊዘርላንድ በሚገኘው በሰርን የምርምር ተቋም ሐሳቡን ሲያቀርብ፣ ያሰበው ሰነዶችን እርስ በርስ ስለ ማያያዝ ነበር። በአገራችን የኢንተርኔት አገልግሎት የጀመረው በ1989 ዓ.ም. ነው። ቁጥሩ አንድ ቢሆንም በመካከሉ ያለው ጊዜ ስምንት ዓመት ያህል መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል፤ ወደዚህ ነገር ኋላ እንመለስበታለን። በዚያ ጊዜ አንድ ቁልፍ በተጫነ ቁጥር ገጹ እንዳለ ይጠፋና ሌላ ገጽ ከሰርቨሩ እስኪመጣ ይጠበቃል። ይህ ማለት የአንድ አጣና ዋጋ በተለወጠ ጊዜ ሁሉ ሰሌዳውን ነቅሎ ወደ መጋዘን መላክ፣ እዚያም እንደ አዲስ ተጽፎ በልጁ ትከሻ ተሸክሞ እስኪመለስ ድረስ ደንበኛውን ባዶ በር ላይ ማቆም ነው።

ይህን ያቃለለው አንድ ትንሽ መሣሪያ ነው። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጣው ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 5 ውስጥ፣ ገጹ ከቦታው ሳይነሣ ከሰርቨሩ ጋር ለብቻው የሚነጋገርበትን መንገድ አበጀ። ጉግል በ2004 የኢሜል አገልግሎቱን፣ በ2005 ደግሞ ካርታውን በዚሁ መንገድ ባወጣ ጊዜ ዓለም ተደነቀ። በዚያው በ2005 ጄሲ ጄምስ ጋሬት የተባለ አሜሪካዊ ለዘዴው «ኤጃክስ» የሚል ስም ሰጠው። ከዚህ በኋላ ልጁ ሰሌዳ መሸከሙ ቀረና የተለወጠችውን አንዲት ቁጥር ብቻ በቁራጭ ወረቀት ጽፎ ይዞ መምጣት ጀመረ። ወረቀቱ ዛሬ አብዛኛውን ጊዜ የሚጻፈው «ጄሰን» በተባለው አጻጻፍ ነው፤ ይኸውም የነገሩን ስምና ዋጋውን ጎን ለጎን የሚያስቀምጥ፣ ሰውም መኪናም የሚያነበው ቀላል ዘዴ ነው።

የሆነ ሆኖ አንዱ ችግር ሲወገድ ሌላው ብቅ አለ። ሱቁ ሲሰፋ ሰሌዳው በዛ። ዋጋው በበሩ ላይ፣ በግድግዳው ላይ፣ በመስኮቱም ላይ ተጻፈ። ቁጥሩን ይዞ የመጣው ልጅ የበሩን አርሞ የመስኮቱን ቢረሳ፣ አንዱ ሱቅ ሁለት ዋጋ ሊናገር ሆነ። እንግዲህ የባይንዲንግ ጥቅም የታየው እዚህ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ኖክአውትና አንጉላር ጄኤስ የተባሉ መሣሪያዎች ወጡ። ሁለቱም ለፕሮግራመሩ «አንተ ደብተሩን ብቻ አርም፤ ሰሌዳዎቹን እኛ እናርምልሃለን» የሚሉ ነበሩ። መንገዳቸው ግን ይለያያል። በኖክአውት ደብተሩ ራሱ በተነካ ጊዜ ሰሌዳዎቹን ይጠራል፤ አንጉላር ጄኤስ ግን ነገር በተንቀሳቀሰ ቁጥር እየዞረ፣ የተለወጠ ነገር አለ ወይ እያለ እስኪረጋ ድረስ ይመረምራል። ከዚህም አልፈው ሁለቱ መሣሪያዎች ገመዱን በሁለት ወገን አሠሩት፤ ደንበኛው በሰሌዳው ላይ ቢጽፍ ደብተሩም አብሮ ይለወጣል።

የሁለት ወገን ገመድ ለትንሽ ቅጽ እጅግ ምቹ ነው። ነገሩ ሲሰፋ ግን ማን ማንን እንደጎተተ ለማወቅ ያስቸግራል። የፌስቡክ ኢንጂነሮች እ.ኤ.አ. በ2014 በአደባባይ የተናገሩት ታሪክ ለዚህ ምስክር ነው። በገጻቸው ላይ «ያልተነበበ መልእክት አለ» የሚል ቁጥር ይታይ ነበር፤ ሰው ግን ሲከፍተው ምንም የለም። ጥፋቱን ያርሙታል፤ ጥቂት ቆይቶ ይመለሳል። ደግመው ያርሙታል፤ ደግሞ ይመለሳል። ብዙ ደብተሮችና ብዙ ሰሌዳዎች በየአቅጣጫው እርስ በርስ ይጻጻፉ ስለነበረ የስሕተቱን ምንጭ ማግኘት ከበዳቸው። መድኃኒቱ ለውጥ ሁሉ በአንድ አቅጣጫ ብቻ እንዲፈስ ማድረግ ሆነ። ትእዛዝ ወደ ደብተሩ ይሄዳል፤ ከደብተሩም ወደ ሰሌዳው ይወርዳል፤ ሰሌዳ ሰሌዳን አያዝዝም። በ2013 ለሕዝብ የለቀቁት «ሪአክት» የተባለውም መሣሪያ በዚሁ ሐሳብ የተሠራ ሲሆን ዛሬ በብዙ አገር ይሠራበታል።

አሁን ወደ እማማ ጉዳይ ቀርበናል። ሰሌዳውና ደብተሩ የቱንም ያህል ቢተሳሰሩ፣ ሁለቱም ያሉት በአንድ ሱቅ ውስጥ ነው። ባይንዲንግ የሚያስማማው ዓይን የሚያየውንና በዚያው ኮምፒዩተር ውስጥ ያለውን ነው። መጋዘኑ ግን ከጭቃው ማዶ ነው። ነጋዴው በደብተሩ «ሃያ አጣና ተሸጧል» ብሎ ቢጽፍ ሰሌዳው ወዲያው ይታዘዘዋል፤ መዝገብ ያዡ ግን ልጁ ደርሶ እስኪነግረው ድረስ አንዳች አያውቅም። ልጁ በመንገድ ሊወድቅ ይችላል። ዝናብም ሊያግደው ይችላል። ወይም ደርሶ መዝገብ ያዡ «ያ አጣና ከማለዳ ጀምሮ አልቋል» ብሎ ሊመልሰው ይችላል።

ለዚህ ነው ሰርቨር ለተጠየቀው ሁሉ በቁጥር የሚመልሰው። 200 ካለ ተፈጽሟል ማለት ነው። 201 ካለ አዲስ ነገር ተመዝግቧል፤ 404 ካለ የፈለግኸው የለም፤ 409 ካለ ጥያቄህ በመዝገቡ ካለው ጋር ይጋጫል፤ 500 ካለ ደግሞ ጥፋቱ ከእኔ ከሰርቨሩ ዘንድ ነው ማለት ነው። ከሁሉ የሚከፋው ግን ቁጥር አይደለም፤ ዝምታ ነው። ልጁ ካልተመለሰ የወደቀው ሲሄድ ነው ወይስ ሲመለስ? ሲሄድ ከሆነ አልተመዘገበም፤ ሲመለስ ከሆነ ተመዝግቧል። ነጋዴው ዝም ቢል አንዱን ትእዛዝ ያጣል፤ ሌላ ልጅ ቢልክ ደግሞ አንዱ ትእዛዝ ሁለት ጊዜ ይጻፋል። በስልካችን ገንዘብ ስንልክ ሁለተኛ ጊዜ ለመጫን የምንፈራው ይህንኑ ነው።

መድኃኒቱ ለመንግሥት ሠራተኛ እንግዳ አይደለም። በየመሥሪያ ቤቱ ያለ መዝገብ ቤት ደብዳቤ ያለ ቁጥርና ያለ ቀን አይልክም። ደብዳቤውን የሚያደርሰውም ተላላኪ የተቀባዩን ፊርማ በማስረከቢያ ደብተሩ አስፈርሞ ይመለሳል፤ ፊርማው እስኪመጣ ድረስ ደብዳቤው «ተልኳል» እንጂ «ደርሷል» አይባልም። በደህና የተሠራ ፕሮግራምም እንዲሁ ያደርጋል። ለእያንዳንዱ ጥያቄ የራሱን መለያ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ያው ቁጥር ሁለተኛ ጊዜ ከመጣ መዝገብ ያዡ «ይህንስ ጽፌዋለሁ» ብሎ ፊተኛውን መልስ ይደግማል እንጂ እንደ አዲስ አይጽፍም። ሰሌዳውም «ተመዝግቧል» እና «አልተመዘገበም» የሚሉ ሁለት ቃላት ብቻ አይበቁትም። «ገና አልተላከም»፣ «በመላክ ላይ ነው»፣ «ተመዝግቧል»፣ «ተቀባይነት አላገኘም» የሚሉ አራት ቃላት ያስፈልጉታል።

አንዳንድ ፕሮግራም ፈጣን ለመምሰል የልጁን መመለስ ሳይጠብቅ አስቀድሞ «ተፈጽሟል» ይላል። ይህ ሁልጊዜ ነውር አይደለም። ለወዳጅ ፎቶግራፍ «ወድጄዋለሁ» የሚል ምልክት ቢጠፋ የሚጎዳ የለም። የእማማ ማስረጃ ግን እንደ ፎቶግራፉ አይደለም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

ደግሞ የመጨረሻው ፈራጅ ሰሌዳው ሳይሆን መዝገቡ መሆን አለበት። በቅጹ ላይ «ቁጥሩ ጎደለ» እያለ የሚያርመን ስክሪን ደግ አስተማሪ ነው፤ ዘበኛ ግን አይደለም። ስክሪኑ ያለው በጠያቂው እጅ ነውና፤ ብልሃት ያለው ሰው አልፎት ይሄዳል። ስለዚህ ሰርቨሩ ሁሉንም ራሱ እንደገና መመርመር አለበት። መዝገቡ ምርመራውን በዘነጋ ጊዜ የሚሆነውን ሁላችን አይተናል። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ በአንድ ሌሊት በደረሰው ስሕተት ደንበኞች ከሒሳባቸው በላይ ማውጣትና ማስተላለፍ ችለው ነበር። ባንኩም ነገሩ ከውጭ የመጣ ጥቃት ሳይሆን ከሲስተም ማሻሻያ ጋር የተያያዘ መሆኑን፣ ያለ አግባብ የወጣውም ገንዘብ ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ መሆኑን አስታወቀ። ከወሰዱት መካከል ብዙ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ስለነበሩ ዩኒቨርሲቲዎቹ ተማሪዎቻቸው እንዲመልሱ አሳሰቡ፤ አብዛኛውም ገንዘብ ተመለሰ። በዚያ ሌሊት ስክሪኑ «ውሰድ» ብሎ ነበር፤ በማግሥቱ ግን የእያንዳንዱ ሰው ስም ከመዝገቡ ተገኘ።

ሌላም ለእኛ ብቻ የሚገባ ነገር አለ። ደብተሩ ራሱ የተሰመረው ለሌላ አገር ሰው ከሆነስ? በውጭ አገር የተሠራ ቅጽ «የቤተሰብ ስም» ይጠይቃል፤ እኛ ግን የራስ፣ የአባትና የአያት ስም እንጂ የቤተሰብ ስም የለንም። የቀን መምረጫው ዐሥራ ሁለት ወር ብቻ ካለው በጳጉሜን የተወለደ ልጅ የልደት ቀን ሊያጣ ነው። «1989» ብሎ የሚጽፍ ሰው የትኛውን ዘመን ማለቱ እንደሆነ መዝገቡ ካልጠየቀ፣ ቀደም ብለን እንዳየነው ስምንት ዓመት ያህል ይስታል። «ሦስት ሰዓት» የተባለውም ለሌላው አገር ዘጠኝ ሰዓት ነው። የግእዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዓለም አቀፉ የፊደል መለያ በዩኒኮድ ስለ ገባ፣ ጽሑፋችን ከአንዱ ኮምፒዩተር ወደ ሌላው ሲሄድ እንደ ድሮው አይበላሽም። ነገር ግን ለጆሮ አንድ የሆኑት «ኃይሉ»፣ «ኀይሉ» እና «ሀይሉ» ለኮምፒዩተር ሦስት የተለያዩ ስሞች ናቸው። ይህን ያላሰበ ሞዴል ሰውዬውን ፊቱ አስቀምጦ «የሉም» ይለዋል። እነዚህን ነገሮች የውጭ አገር መሐንዲስ አያስብልንም፤ ማሰብ የእኛ ፈንታ ነው።

ነገሩ ዛሬ ከፊተኛው ጊዜ ይልቅ ያሳስባል። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ለኤሌክትሮኒክ መልእክት በሕግ ፊት ዋጋ ሰጥቶታል። ቴሌብር በግንቦት 2013 ሥራ ጀመረ። የኢትዮጵያ ዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 ወጣ። በሚያዝያ 2017 ደግሞ የብዙ መሥሪያ ቤቶችን ጉዳይ በአንድ ጣራ ሥር የሚያስፈጽመው መሶብ የአንድ ማዕከል አገልግሎት በአዲስ አበባ ተከፈተ። ይህ ሁሉ መልካም ነው። ነገር ግን ቀድሞ ባለጉዳይ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት በእጁ ይዞ ይወጣ ነበር፤ አሁን ብዙ ጊዜ የሚይዘው በስክሪን ያየውን አንድ ቃል ብቻ ነው። ቃሉ ሐሰት ከሆነ የሚከራከርበት ምንም የለውም። «ሲስተም የለም» መባል ያበሳጫል እንጂ ቢያንስ እውነት ነው። ሲስተም ሳይኖር ያለ መምሰል ግን ከዚያ የከፋ ነው።

እማማስ? የጽሕፈት ቤቱ የኮምፒዩተር ባለሙያ ተጠርቶ ቢመረምር፣ ያን ቀን በዚያ ሰዓት ኔትወርኩ ተቋርጦ ስለነበረ ከዚያ ኮምፒዩተር አንድም ጥያቄ ወደ ሰርቨሩ አለመድረሱን አገኘ። አረንጓዴው ቃል የተሠራው ቁልፉ እንደተጫነ እንዲበራ ነበር፤ መልስ መምጣት አለመምጣቱን አይጠይቅም። ባለሙያው አንገቱን ነቅንቆ፣ «ይህ የጥቂት መስመር ሥራ ነው» አለ። ወጣቱ ጸሐፊም ምሳውን ትቶ የእማማን ጉዳይ እንደገና አስገባ፤ በዚህ ጊዜ ግን ስክሪኑን ከማዞሩ በፊት መዝገቡን ራሱን ከፍቶ ስማቸውን አነበበ፤ መለያ ቁጥሩንም በቁራጭ ወረቀት ጽፎ ሰጣቸው። እማማ ወረቀቱን በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩት። ማስረጃው በሦስተኛው ቀን ወጣ፤ ልጁም በመጨረሻው ቀን ተመዘገበ። ባለሙያው ያላትን ጥቂት መስመር ያረማት እንደሆነ ግን ለመጠየቅ ገና አልተመለስንም፤ መመለሳችን አይቀርም።

እንግዲህ ተማሪ የሆንህ አንባቢያችን፣ አንድ ቀን እንዲህ ያለ ገጽ ስትሠራ ሰሌዳውን ከማሳመርህ በፊት ልጁ ያልተመለሰ እንደሆነ ምን እንደምትል አስብ። አንተም ሹም የሆንህ፣ አዲስ ሲስተም ሲያስረክቡህ ስለ ቀለሙ ማማር አትጠይቅ፤ ገመዱን በፊታቸው ንቀልና ቁልፉን ተጫን፤ ያን ጊዜ «ተመዝግቧል» ካለህ አትረከብ። ከስክሪን ፊት የምትቀመጪ ጸሐፊ እኅታችንም፣ ለባለጉዳዩ ቃሉን ብቻ ሳይሆን ቁጥሩን ስጪው። በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል ሲባል የኖረው፣ መጽሐፍ የተባለው ነገር እውነት ተጽፎበት ሲገኝ ነው።